የተቆጠበው ብር የት ያድራል?

ቁጠባ በሁሉ አንደበት የተመሰገነ፣ በጥቂቶች ግን የተመረመረ ምግባር ነው። አባት ልጁን፣ መምህር ደቀ መዝሙሩን፣ መንግሥት ሕዝቡን፣ ባንክም ደንበኛውን «ቆጥብ» እያለ ሲመክር ዘወትር ይሰማል፤ ይሁን እንጂ የተቆጠበው ገንዘብ ከምን ላይ እንደ ተቀነሰ፣ በመቀነሱም ምክንያት ሌላ ምን እንደ ጐደለ፣ ይልቁንም ከተቀነሰ በኋላ የት እንደሚያድርና ምን እንደሚሠራ ጠይቆ የሚመክር እምብዛም አይገኝም። የእኔ አሳብ፣ ቁጠባ ዋጋ የሚኖረው በተቀነሰው ሳንቲም ብዛት ሳይሆን የተቀነሰው ገንዘብ በደረሰበት ቦታ ነው የሚል ነው፤ መድረሻ የሌለው ቁጠባ፣ ምንም እንኳ ድካሙ የበዛ ቢሆን፣ ፍሬው ጥቂት ነው።

ይህን ነገር ለመመርመር ቂርቆስ ክፍለ ከተማን፣ በተለይም ካዛንቺስን የመሰለ ቦታ አይገኝም። በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ከበላዩ፣ ታላላቅ ሆቴሎች ከመካከሉ፣ ክዳናቸው የዛገ የቀበሌ ቤቶችም ከጓሮው ሆነው፣ ባለጸጋና ድኻ አጥር ለአጥር ተጐራብተው ብዙ ዘመን የኖሩበት ሰፈር ነውና፣ በአንደኛው ሰገነት ላይ ለማኪያቶ የሚከፈለው ሒሳብ በሌላኛው ደጃፍ የአንድ ቤተ ሰብ የዕለት ወጥ መሥሪያ ሲሆን ማየት በዚያ የዘወትር ነገር ነበረ።

በመጀመሪያ ከቤት ውስጥ እንነሣ። ማታ ከሥራ የተመለሰ አባወራ ሰው በሌለበት ክፍል የበራ አምፖል ቢያገኝ ቤተ ሰቡን በሙሉ ይቈጣል፤ ቍጣውም ስለ ቁጠባ ያለውን ቅንዓት የሚያስመሰክርለት ይመስለዋል። ነገር ግን ባለ 9 ዋት አምፖል በየሌሊቱ 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን ውስጥ የሚፈጀው 1.35 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ 3,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ሳያቋርጥ ቢሠራ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። እንግዲህ አንድ ጊዜ እንጀራ መጋገር ወደ አራት ወር የሚጠጋ የአምፖል መብራት ያህል ኃይል ይወስዳል ማለት ነው፤ አባወራው በአምፖሉ ላይ ያፈሰሰው ቍጣ ሁሉ ከምጣዱ አጠገብ ሲደርስ ከንቱ ሆኖ ይቀራል።

ስሌቱን በወረቀት ያልጻፉት እናቶች ይህን በእጃቸው ያውቁታል። ምጣዱ ከብርድ ተነሥቶ ሸክላው እስኪግል ድረስ የሚወስደው ኃይል ያለ እንጀራ የሚያልቅ ስለ ሆነ፣ ሁለት ጐረቤታሞች ሊጣቸውን በአንድ ሰሞን አቡክተው በአንዲት ምጣድ ተራ በተራ ሲጋግሩ ሁለተኛይቱ ከጋለው ምጣድ ትጀምራለች፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ሲቀሩ ሶኬቱ ይነቀልና እነርሱ በሸክላው ግለት ይበስላሉ፤ ከዚያ ወዲያ በቀረው ትኩሳት ሽምብራው ወይም ስንዴው ለቈሎ ይታመሳል። ከሞሰብ የተረፈው እንጀራ በማግሥቱ ፍርፍር ይሆናል፤ ከፍርፍሩ የተረፈውም በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ሆኖ ለመንገደኛ ስንቅ ይቀመጣል። ጌታ በምድረ በዳ ሕዝቡን በአምስት እንጀራ ከመገበ በኋላ፣ የማበርከት ኃይል በእጁ ሳለ፣ ቍርስራሹ እንዲሰበሰብ ማዘዙን ያነበበ ሰው ይህን የመሰለውን ቁጠባ ሊነቅፍ አይችልም፤ ድካሙ ጥቂት፣ ጥቅሙ የታወቀ፣ የሚጐዳውም ሰው የሌለ ስለ ሆነ።

ከቤት ወጥተን ወደ ጉልት ስንወርድ ግን ነገሩ ይከብዳል። «በብዛት ግዙ፣ ይረክሳል» የሚለው ምክር በእውነት ላይ የቆመ ነው፤ ሆኖም ሽንኩርት በመደብ፣ ቡና በስኒ፣ ዘይት በትንሽ ላስቲክ የምትገዛ ሴት፣ ነገሩ በኪሎና በሊትር ሲታሰብ ኵንታልና ጀሪካን ከሚያስጭነው ባለ መኪና አብልጣ የምትከፍለው፣ ሒሳብ የማታውቅ ስለ ሆነች ሳይሆን ኵንታሉን የምትገዛበት መነሻ ገንዘብ በአንድ ጊዜ በእጅዋ ስለማይገባ ነው። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅም ዘይትና ዱቄት ከገበያው ዋጋ አሳንሶ ሲያከፋፍል፣ በደጁ የሚሰለፈው ጡረተኛ ከጊዜው በቀር የሚያጣው የለም፤ የቀን ሠራተኛው ግን ግማሽ ቀን በሰልፍ ቆሞ ጥቂት ብር ሲያተርፍ የግማሽ ቀን ደመወዙን ይከስራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ አንዱን የጠቀመ የቁጠባ ልማድ ሌላውን ሊያደኸይ ይችላልና፣ ለሁሉ የሚሆን አንድ ደንብ የለም።

ከዚህም ሁሉ በላይ፣ የአንድ ቤተ ሰብ ዋናው ቁጠባ ብዙውን ጊዜ ከልማዱ ጋራ ግንኙነት የለውም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሀብት ሲሆን የቤት ኪራይም አብሮ ተቀነሰ፤ በኋላም የቀበሌ ቤቶች ኪራይ ለብዙ ዓመታት ሳይነካ በመኖሩ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ሲወደድ እርሱ ብቻ ባለበት ቆመ። በቀበሌ ቤት የሚኖረው የካዛንቺስ ሰው ሥራውን፣ ገበያውን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያኑን በእግሩ ይደርስባቸው ነበር። ይህ ሰው አምፖል አጠፋም አላጠፋም፣ ጥቂት ኪራይ ብቻ የከፈለበትና የታክሲ ሒሳብ ያላወጣበት ወር ከማናቸውም የማጀት ብልኀት ይበልጥ ያኖረው ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማት ካዛንቺስን በማንሣቱ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማው ዳርቻዎች ሲዛወር፣ የተሰጠው ቤት ከቀድሞው የጭቃ ቤት የተሻለ ሊሆን ቢችልም፣ በእግር ይደረስ የነበረው ሥራ በትራንስፖርት የሚደረስ ሆነ፤ አንድ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ለመንገድ የሚያወጣውን ሽንኩርት በመቈጠብ ሊተካው አይችልም። ስለ ቁጠባ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ቤትና ስለ መንገድ ሳይናገሩ ስለ ስኳርና ስለ ሻይ ሲያስተምሩ፣ ምሰሶውን ትተው ማገሩን እንደሚያጠብቁ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ፤ በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የተረፈው ብር የት ያድራል? ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ እንዲል አድርጎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ በመቶ ከ30 በላይ ሆነ፤ በእንዲህ ያለ ዓመት 100 ብር በባንክ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ መጨረሻ 107 ብር ሲቀበል፣ በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 130 ብር ደርሶ ያገኘዋል፤ ብሩ በቍጥር በ7 ሲጨምር በመግዛት ኃይሉ ግን ከቀድሞው 82 ብር ያህል ብቻ ሆኖ ይመለስለታል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ በተለቀቀ ጊዜም አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከፍራሽ ሥር የቀበረውስ ቢሆን፣ በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው ለመቀየሪያ ሦስት ወር ብቻ ሲሰጥ፣ ዘመኑን ሁሉ የደበቀውን እያወጣ ወደ ባንክ መሮጥ ግድ ሆኖበታል።

አባቶቻችን ይህን ነገር አያውቁትም አይባልም። በአሞሌ ጨው ይገበያዩ በነበረበት ዘመን አሞሌ ያለው ሰው ጥሪቱን ከዝናብና ከርጥበት መጠበቅ ነበረበት፤ ገንዘቡ ራሱ የሚሟሟ ነበርና። የዛሬውም የወረቀት ብር ንረት በበረታ ጊዜ ሳይነኩት የሚሟሟ አሞሌ ነው። ዮሴፍም በግብፅ ምድር ሰባቱን ዘመነ ጥጋብ ለሰባቱ ዘመነ ረኃብ ሲያዘጋጅ በጐተራ የሞላው እህል እንጂ ብርና ወርቅ አልነበረም፤ የረኃቡ ዘመን ሲደርስ ብር የያዙት ሁሉ እህል ወዳለው መምጣታቸው የታወቀ ነው። ይህን ስል ባንክን ልነቅፍ አይደለም፤ ሐኪም ቤት በሌሊት የጤፍ ኵንታል ስለማይቀበል፣ ለደዌና ለድንገተኛ ነገር የሚሆን ጥቂት ብር በቅርብ ማኖር ጠባቂ እንደ መቅጠር ነው፤ የሚሟሟው የጠባቂው ደመወዝ መሆኑን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ከዚያ የተረፈው ሁሉ ወደ ዕቃ፣ ወደ ሙያ፣ ወደ ልጅ ትምህርት ወይም ወደ ንግድ ፈጥኖ ቢሸጋገር ይሻላል። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኖቹን ለሕዝብ ሲሸጥ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዥም 33 አክሲዮን ስለ ነበረ፣ 9,900 ብር በአንድ ጊዜ ያልያዘ ሰው በር ላይ ቀረ፤ እዚህም ላይ እንደ ጉልቱ ሁሉ ድኻውን የከለከለው የፍላጎት ሳይሆን የመነሻ ገንዘብ እጦት ነው።

ለዚህ እጦት መድኀኒት የሆነው የሀገራችን ዕቁብ ነው። ዐሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ ዕጣው በመጀመሪያ የወጣለት ሰው 12,000 ብር ሲቀበል፣ ከራሱ መዋጮ በቀር 11,000 ብር ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ በዚያም ብር ኵንታሉን ወይም የልብስ ስፌት መኪናውን ዋጋው ሳይንር ይገዛል። በመጨረሻ የሚደርሰው ግን፣ ንረቱ በዓመት 30 በመቶ ከሆነ፣ ያንኑ 12,000 ብር ሲቀበል መጀመሪያ የወጣለት ሰው በ9,400 ብር ገደማ ሊገዛው ይችል የነበረውን ያህል ብቻ ይገዛበታል። ይህን ዕዳ ሕዝቡ ራሱ አስተውሎ ዕጣን መሸጥንና ለተቸገረ ማስቀደምን ልማድ አድርጎታል፤ የኋለኛው ሰው የከሰረውም ለፊተኛው ጐረቤቱ ስለ ሆነ ከሰፈር አልወጣም። ዕድርም ቢሆን በወር በምትዋጣ ጥቂት ብር ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት በጋራ ያቆማል፤ አንድ ቤት በዘመኑ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚያስፈልገውን ነገር ብቻውን አይገዛም። በበዓል ጊዜ በሬውን በቅርጫ ተካፍሎ ማረድም ከዚሁ ወገን ነው። እነዚህ ሁሉ አባላቱ ተቀራርበው በመኖራቸውና በመተዋወቃቸው የሚቆሙ ናቸውና፣ ሰፈር ሲበተን የሚጠፋው ጥሪት በባንክ ደብተር ላይ አይታይም።

ስለዚህም ከዕድር የቀረ፣ ልቅሶ ቤት የማይደርስ፣ እንግዳ የሚሸሽ ሰው ቈጣቢ ነኝ ቢል፣ መዝገቡን በግማሽ ብቻ የጻፈ ነው። ደግሞም ካፌ ገብቶ የማኪያቶውን ሒሳብ ሳያይ የሚከፍል ሰው፣ ከደጃፉ ከተቀመጠችው የጉልት ነጋዴ ጋራ በአንዲት መደብ ቲማቲም ላይ በሁለት ብር ሲከራከር፣ ቆጠብሁ የሚለው ከእርሱ ወጪ ሳይሆን ከእርስዋ እራት ላይ ነው፤ የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ የሚቀንሰውም እንዲሁ። ይህ ንፍገት ነው። ቤተ ክርስቲያን በጾም ወራት ምእመኑን ከጥሉላት ስትከለክል፣ ከማዕድ የተቀነሰው ወደ ምጽዋት እንዲያልፍ ማስተማርዋ ይህንኑ መድረሻ የማሳየት ጥበብ ነው፤ ጾሞ ያተረፈውን ለራሱ ያከማቸ ሰው ጾሙን እንዳጐደለ ይቈጠርበታል።

እንግዲህ የቁጠባ ልማድ ድካሙን ያህል ጥቅም አለውን ብሎ ለሚጠይቅ መልሴ አለው፣ ግን በልክ ነው የሚል ነው። ከትልቁ ወጪ ላይ የተቀነሰ፣ ከጊዜና ከጤና ወይም ከባልንጀራ ጉሮሮ ያልተነጠቀ፣ ከተቀነሰም በኋላ ሳይዘገይ ወደ ሥራ ወይም ወደ ዕቃ የተሻገረ ቁጠባ ቤትን ያቆማል። ከእነዚህ አንዱ የጐደለው ግን ሰውየውን ለራሱ ጠንቃቃ መስሎ እንዲታይ ከማድረግ በቀር ብዙ አይጠቅመውም። «ቆጥቡ» እያሉ የሚመክሩት የመንግሥትና የባንክ አለቆችም ከድኻው የሚፈልጉትን ጥንቃቄ ከራሳቸው ይጀምሩ፤ ለቈጣቢው የሚከፈለው ወለድ ከዋጋ ንረቱ በታች ሆኖ እስከ ኖረ ድረስ፣ ምክራቸውን አምኖ ብሩን ያስቀመጠው ሰው በየዓመቱ ሲከስር ይኖራልና።