«የውስጥ ነው»

ባለፈው ወር አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆሜያለሁ። ጉዳዬ ከባድ አይደለም። ካስተማርኩባቸው ዓመታት አራቱ ከአገልግሎት ዘመኔ ተዘለዋልና ይካተቱልኝ ነው የምለው። ደብዳቤው አለ፣ ማኅተሙ አለ። ልጅቷ ወረቀቴን በትሕትና አገላብጣ መለሰችልኝ።

«ጋሼ፣ ይኼ አይሆንም፤ መመሪያ ነው።»

«የትኛው መመሪያ?»

«አዲስ የወጣው።»

«ላየው እችላለሁ?»

«አይቻልም፤ የውስጥ ነው።»

ከሃያ ዓመት በላይ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ብዙ ሰምና ወርቅ ፈትቻለሁ፤ ይኼኛው ግን አቃተኝ። የውስጥ ልብስ እንኳ ለለባሹ ይታያል። የኔን አራት ዓመት የሚቆርጥ መመሪያ ለኔ ካልታየ፣ የማን ውስጥ ነው?

መሸት ሲል ከወዳጆቼ ጋር ማኪያቶ ይዘን ተቀመጥን። መቼም የኛ የተማርን ሰዎች ነገር! ጨዋታው ሥልጣን ነው። ፕሬዚዳንታዊ ይሻላል ፓርላሜንታዊ፣ አንቀጽ 39 ይውጣ ይቆይ፣ የሥራ አስፈጻሚው ጉልበት በዛ አልበዛ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተፋጨን። የቀኑ ነገር ስለከነከነኝ በመሀል፣ «ለመሆኑ አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ በምን ይለያያሉ?» አልኳቸው። አንዱ ሐኪም ነው፣ አንዱ መሐንዲስ፣ አንዱ የባንክ ሰው። ተያዩ። በመጨረሻ መሐንዲሱ «ያው ናቸው፤ ሁሉም የመንግሥት ናቸው» ብሎ ገላገለን።

ያው አይደሉም! አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ እስከ 550 አባላት እንዲኖሩት የፈቀደለት፣ ቢያንስ በወጉ የመረጥነው አካል። ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ እሱም በአንቀጽ 77 መሠረት ተወካዮቹ በሰጡት ሥልጣን ልክ እንጂ እንዳሻው አይደለም። መመሪያ ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ነው። ከላይ ወደ ታች በወረድን ቁጥር የሚወስኑት ሰዎች እያነሱ፣ የሚነካን ነገር ግን እየቀረበን ይመጣል። ምክር ቤቱ ስለ ጡረታ ሲያወጣ በጅምላ ነው። የኔ ደብዳቤ ይያዝ አይያዝ የሚለው የሚቆረጠው እታች ነው። እኛ ግን ክርክራችንን ሁሉ እላይ ጨርሰን እታች ስንደርስ አንገት እንደፋለን።

ተማሪዎቼን ድሮ «የድርጊቱን ባለቤት ፈልጉ» እላቸው ነበር። እስቲ አንድ አዋጅ አንሡና በዚህ ዓይን አንብቡት። «ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል» ይላል። «እንደ አስፈላጊነቱ» ይላል። «አግባብ ያለው አካል» ይላል። ማን ነው የሚወስነው? ለማን ሲያስፈልግ? ግሱ አድራጊውን ሸሽጎ ያልፋል። ልብ ወለድ ላይ እንዲህ የሚጽፍ ተማሪ ቢመጣብኝ በቀይ አሰምርበት ነበር። ሕግ ላይ ሲሆን እጅ ይወጣለትና ይጸድቃል።

እርግጥ ነው፣ ምክር ቤት ተቀምጦ የእያንዳንዱን ማመልከቻ ቅጽ ሊቀርጽ አይችልም። ዝርዝር ለባለሙያ መተው ያለበት ነው፤ ይኼን የሚክድ ሰው ቢሮ ገብቶ አያውቅም። ጠቤ ከመመሪያ ጋር አይደለም። ጠቤ ከመሳቢያው ጋር ነው።

ጥንት ሕግ በነጋሪት ነበር የሚነገር። ገበያ ላይ ይጎሰማል፣ የሰማ ላልሰማ ያሰማል። በ1934 ዓ.ም. የጀመረው «ነጋሪት ጋዜጣ» ስሙን የወረሰው ከዚያው ነው። በ1987 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 3 የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ሲቋቋም አዋጁና ደንቡ እዚያ ሲታተሙ ኖሩ። መመሪያው ግን ከነማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። የወንጀል ሕጋችን ሕግን አለማወቅ ሰበብ አይሆንም ይላል። ደግ! እንዳላውቅ ቁልፍ የተቆለፈበትንም ይጨምራል እንዴ?

በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ እጅን አጣምሮ ከፍ ማድረግን የከለከለው ኮማንድ ፖስቱ ያወጣው መመሪያ ነበር። ቢያንስ በቴሌቪዥን ተነገረን። ሆኖም የእጅ ምልክትን ጥፋት ያደረገው ምክር ቤቱ አልነበረም። በኔ ዙሪያ ያለው ሰው የተሟገተው አዋጁ ያስፈልግ ነበር አያስፈልግም በሚለው ላይ ነው። ይኼን ያህል ሥልጣን ለመመሪያ ይሰጣል ወይ ያለ አልሰማሁም። እኔም አላልኩም።

ደግነቱ በ2012 ዓ.ም. የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ወጣ። መመሪያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት ያቅርብ፣ መመሪያውን ያስመዝግብ፣ በድረ ገጽ ይግለጥ ይላል። ያልተመዘገበና ያልተገለጠ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውም። ዜጋው መመሪያውን በፍርድ ቤት ማስከለስ ይችላል። መዝጋቢው ያኔ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበር፤ ዛሬ ሥራው የፍትሕ ሚኒስቴር ነው። እንዲህ ያለ አዋጅ በእጃችን እያለ ነው እንግዲህ «የውስጥ ነው» ስንባል «እሺ» ብለን የምንመለሰው።

ምክንያቱን ከሌላ ቦታ አልፈልግም። «ከበላይ የመጣ ነው» ስንባል ከአባቶቻችን በወረስነው ትሕትና ዝም እንላለን። ከዚያ ዘመድ እንፈልጋለን። እኔ ራሴ ያን ቀን ከመስኮቱ ዞር እንዳልኩ መጀመሪያ ያሰብኩት አንቀጹን አይደለም። እፎቁ ላይ ቢሮ ያለውን የቀድሞ ተማሪዬን ነው። ስልኬን አውጥቼ ስሙን እየፈለግሁ ነበር፤ ጥሩ ውጤት ሰጥቼው እንደነበርም ትዝ አለኝ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ነው ያፈርኩት። አመሻሽ ላይ ስለ ሥራ አስፈጻሚ ገደብ የለሽነት ስሟገት፣ ቀን ላይ ያንኑ ገደብ በዘመድ ልዘለው አስቤ የነበርኩ ሰው ነኝ።

በሳምንቱ ተመለስኩ። አንድ ወረቀት ላይ አራት ጥያቄ ጽፌያለሁ፦ የመመሪያው ስምና ቁጥር፣ የወጣበት ቀን፣ ሥልጣን የሰጠው አዋጅ፣ የምዝገባ ቁጥሩ። ልጅቷ አንብባ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

«አሁን አለ።»

ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እውነቱን ልንገርዎት? እኔም አላየሁትም። ስብሰባ ላይ በቃል ነው የነገሩን» አለችኝ። ወረቀቴን ግን አልመለሰችውም። አጣጥፋ ወደ ውስጥ ይዛው ገባች፤ ስትወጣም «ሰኞ ይምጡ» አለችኝ።