ነጥቡ የማይችለው ፍርድ

በኒው ዮርክ ከተማ በየዓመቱ ወደ 26 ሺህ የሚጠጉ ልጆች፣ አብዛኞቹ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ለአንድ የመግቢያ ፈተና ይቀመጣሉ። ስታይቨሰንት፣ ብሮንክስ ሳይንስ፣ ብሩክሊን ቴክና ሌሎች አምስት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪ የሚቀበሉት በዚህ ፈተና ውጤት ብቻ ነው። የክፍል ውጤት አይታይም፣ የመምህር ምስክርነት አይጠየቅም፣ ቃለ መጠይቅ የለም። ቦታ የሚያገኙት ወደ 4 ሺህ ገደማ ናቸው። ለሦስቱ ነባር ትምህርት ቤቶች ፈተናን ብቸኛ መግቢያ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የሄክት-ካላንድራ ሕግ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ብዙ ከንቲባና ብዙ ምክር ቤት ቢፈራረቅም ሕጉ አልተነካም። ሕጉን ያቆየው ደግሞ አንድ ጽኑ እምነት ነው፦ ነጥብ አያዳላም፤ ከመቁረጫው በላይ የሆነ ልጅ ይገባዋል፣ በታች የሆነ አይገባውም። ከሚኒስትሪ እስከ ማትሪክ በፈተና ተጣርቶ ያለፈ አንባቢም ይህን እምነት አሳምሮ ያውቀዋል። ፈተና ይቅር የምል አይደለሁም። የተማሪው ሥራ የሚፈተሽበት፣ ለሁሉም እኩል የሚቀርብ መመዘኛ ያስፈልጋል። የምቃወመው ነጥቡ የማይችለውን ፍርድ ማሸከማችንን ነው። መቁረጫው አጠገብ ባሉት ልጆች ላይ የሚሰጠው ብይን የልጆቹን ልዩነት ሳይሆን የስሌቱን ጠባይ ይናገራል።

ስሌቱን ቀረብ ብለን እንየው። ፈተናው ለዓመታት በወረቀት ሲሰጥ በቆየበት ቅርጹ (ከ2025 ጀምሮ በኮምፒውተር ሆኗል) 57 የእንግሊዝኛና 57 የሒሳብ ጥያቄዎች ነበሩት። ከእያንዳንዱ አሥሩ ለወደፊት ፈተና የሚሞከሩ ስለሆኑ አይቆጠሩም። ነጥብ የሚያስገኙት 47 እና 47 ናቸው። ተማሪው በትክክል የመለሰው ብዛት ጥሬ ነጥብ ይባላል፤ ጥሬ ነጥቡ ግን እንዳለ አይደመርም። በየትምህርት ዓይነቱ ወደ ሌላ መለኪያ ይቀየርና የተቀየሩት ሁለቱ ነጥቦች ይደመራሉ። ቅያሬው እኩል እርምጃ የለውም። የከተማው ትምህርት ቢሮ ለተማሪዎች ባዘጋጀው መመሪያ ላይ ራሱ እንደገለጸው፣ በመካከለኛው ክልል አንድ ተጨማሪ ትክክለኛ መልስ ሦስት ወይም አራት ነጥብ ያህል ያስገኛል፤ በላይኛውና በታችኛው ጫፍ ግን አንድ መልስ ከ10 እስከ 20 ነጥብ ሊያወጣ ይችላል። ምክንያቱ ውጤቶቹ መሐሉ ወፍሮ ጫፍና ጫፉ ከሚሳሳው የስታቲስቲክስ ኩርባ ጋር እንዲገጥሙ መደረጋቸው ነው። ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ይታያል። አንዷ ልጅ በሒሳብ 46፣ በእንግሊዝኛ 30 ጥያቄ ብትመልስ በጠቅላላው 76 መለሰች ማለት ነው። ሌላው በሁለቱም 39 ቢመልስ 78 ሆነ። ብዙ የመለሰው እሱ ነው። በተቀየረው ነጥብ ግን እሷ በሰፊው ልትበልጠው ትችላለች፤ በሒሳብ ጫፍ ላይ የሰበሰበቻቸው ጥቂት መልሶች በእንግሊዝኛ መካከል ላይ ካጣቻቸው ይበልጥ ይከፍላሉና። ኢኮኖሚስቱ ጆሹዋ ፋይንማን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት ይህንኑ አንሥቶ ነበር። በሁለቱም ደህና የሆነ ልጅ በአንዱ እጅግ በሚልቅ ልጅ መበለጡ ትክክል ነው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ለክርክርም የሚመች አቋም ነው፤ እንግሊዝኛን ገና በመልመድ ላይ ላለ የስደተኛ ልጅ ይህ መንገድ ይጠቅም ይሆናል። ችግሩ ግን የአንድ ጫፍ ብልጫ ከሁለት ወገን ብቃት ይበልጣል ብሎ በአደባባይ የወሰነ አካል አለመኖሩ ነው። ከኩርባው ጋር ተያይዞ ገባ፤ ወላጆችም የልጃቸውን ነጥብ ሲያዩ በውስጡ እንዲህ ያለ ምርጫ እንዳለ አያውቁም።

መቁረጫው ራሱስ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ስታይቨሰንት ለመግባት የሚያስፈልግ የዕውቀት ልክ ያለ፣ ያንንም ባለሙያዎች ተቀምጠው የወሰኑት ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ልክ የለም። ተማሪው ስምንቱን ትምህርት ቤቶች በምርጫው ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ ከዚያ ከከፍተኛው ነጥብ ጀምሮ እየተወረደ እያንዳንዱ ልጅ ክፍት ቦታ ባለበት የመጀመሪያ ምርጫው ላይ ይመደባል። ወንበር ሲያልቅ የመጨረሻው ገቢ ልጅ ነጥብ የዚያ ዓመት መቁረጫ ይባላል። ስለዚህ መቁረጫው የሚታወቀው ምደባው ካለቀ በኋላ ነው። የስታይቨሰንት ከ550 በላይ ሆኖ የቆየው ብዙ ልጅ አንደኛ ምርጫው ስለሚያደርገው እንጂ በዚያ ነጥብ ላይ የተለየ ችሎታ ስለሚጀምር አይደለም። የመኖሪያ ሰፈርም፣ የባቡሩ ርቀትም፣ የጓደኞች ምርጫም መስመሩን ይገፋዋል። በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ፈተና የምናውቀው 50 በመቶ ከዚህ በተቃራኒ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። የ2014 ዓ.ም.ን ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ያንን ያሟሉት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። ወዲያው ደግሞ ከመስመሩ በታች ላሉት የሪሚዲያል ትምህርት ተከፈተ። አንዱ መስመር በወንበር ብዛት፣ ሌላው በፖሊሲ የተሰመረ ነው። ሁለቱም የሰው ውሳኔ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ለልጁ ሲነገሩት ስለ አእምሮው የተሰጠ ብይን ሆነው ይደርሱታል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማንኛውም ፈተና የስህተት ወሰን አለው። ያው ልጅ በሌላ ቀን፣ በሌላ የጥያቄ ስብስብ ቢፈተን ያው ነጥብ አይመጣለትም፤ ከፍም ዝቅም ይላል። በኒው ዮርኩ ፈተና ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለ መላ መምታት ይመከራል፤ አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ላይ ደግሞ መላ መምታት ከአራት አንድ ዕድል አለው። አሁን ሁለቱን እናገናኝ። በሒሳብ ጫፍ ላይ የደረሰች ልጅ አንድ ያላወቀችውን ጥያቄ በመላ ብታገኘው 10 ወይም 15 ነጥብ ታተርፋለች፤ ብትስተው ያንኑ ታጣለች። መቁረጫው ግን በአንድ ነጥብ ይለያል። ኩንታል የሚመዝን ሚዛን ላይ ግራም እንደመለየት ነው፤ ሚዛኑ ለኩንታሉ አይዋሽም፣ ለግራሙ ግን አልተሠራም። 640 ያመጣን ልጅ 440 ካመጣው መለየት ፈተናው በሚገባ ይችላል። በመቁረጫው ላይ ባለውና ከሱ በአምስት ነጥብ በሚያንሰው መካከል ግን የሚናገረው ነገር የለውም፤ የምንናገረው እኛ ነን።

ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉት ልጆች ተቀራራቢ መሆናቸውን የሚያሳይ ሌላ ማስረጃም አለ። አቲላ አብዱልቃድሮግሉ፣ በ2021 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን የተጋራው ጆሹዋ አንግሪስትና ፓራግ ፓታክ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት በቦስተንና በኒው ዮርክ መቁረጫውን ለጥቂት ያለፉትንና ለጥቂት የቀሩትን ልጆች ተከታትሏል። የገቡት በኋላ ባመጡት የፈተና ውጤትና በኮሌጅ ጉዟቸው ለጥቂት ከቀሩት ብዙም አልራቁም። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ቀሪው ልጅ ምን ተጎዳ?» የሚል ይኖራል። በዕውቀት ረገድ ጉዳቱ የተፈራውን ያህል አይደለም፤ ይህንንም ወላጆች ቢያውቁት ብዙ እንባ ይቀራል። ጉዳቱ ያለው በፍርዱ ላይ ነው። የ13 ዓመት ልጅ «አትመጥንም» ተብሎ ሲነገረው የነገረው አካል ማስረጃ ሊኖረው ይገባል። እዚህ ላይ የለውም።

መስመር የግድ አንድ ቦታ መሰመር አለበት፣ የትም ቢሰመር አንድ ልጅ ለጥቂት መቅረቱ አይቀርም የሚለው መልስ እውነት አለው። የወንበሩ ቁጥር ውስን ነው። ከዚህ ግን መስመሩ ፈተናው በማይለይበት ቦታ ላይ በነጥብ ይሰመር የሚል አይወጣም። ሌላ መንገድ አለ፤ በግልጽ ከፍ ያሉት በቀጥታ ይገቡ፣ በስህተት ወሰኑ ውስጥ ያሉት በአንድ መደብ ይቀመጡና በዕጣ ይለዩ። ይህ ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አይደለም። ኔዘርላንድስ ለሕክምና ትምህርት ቤቶቿ ለአሥርት ዓመታት በውጤት በተመዘነ ዕጣ ተጠቅማለች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ትታው በ2023 መልሳ ፈቅዳለች። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ኒው ዮርክ ራሷ በሌሎች መራጭ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይህንኑ መሥራቷ ነው። ተማሪዎች በክፍል ውጤታቸው በመደብ ይከፈላሉ፤ በመደቡ ውስጥ ቅድሚያ የሚሰጠው በዕጣ ቁጥር ነው፤ ቤተሰቡም ቁጥሩን አስቀድሞ ያየዋል። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ቢሮ የሚሠራ ነገር ለስምንቱ ትምህርት ቤቶች የማይታሰብ ሆኖ ሊቆይ አይገባም።

ዕጣ ድካምን ያረክሳል፣ ለዓመታት ያጠና ልጅ ለዕድል ተላልፎ ይሰጣል የሚሉም አሉ። ይህን ቅሬታ ከልቤ እረዳዋለሁ፤ ልጁን ቅዳሜና እሑድ ወደ ማጠናከሪያ ትምህርት የሚያመላልስ፣ ለአስጠኚ ከጉሮሮው ነጥቆ የሚከፍል ወላጅ ውጤቱ ከዕጣ ጋር ሲያያዝ መናደዱ አይፈረድበትም። ዕጣው ግን ከመደቡ በታች ላለ ልጅ በር አይከፍትም፤ ወደ መደቡ የሚያስገባው ያው ጥናትና ድካም ነው። ዛሬም ከመስመሩ አጠገብ ያለውን ልጅ የሚለየው ዕድል ነው፤ በመላ የተመታ አንድ መልስ፣ የደረሰው የጥያቄ ስብስብ፣ የዚያን ቀን ጉንፋን። ልዩነቱ የዛሬው ዕድል ችሎታ ተብሎ መጠራቱ ላይ ነው።

ለእኛ አንባቢ ከሁሉ የሚከብደው መቃወሚያ ሌላ ነው። ነጥቡን ስታላላ ዝምድናና እጅ መንሻ ይገባበታል፣ ቢያንስ ቁጥር ቁጥር ነው ይባላል። ይህ ፍርሃት ከሕይወት የተቀዳ ስለሆነ በቀላሉ አይታለፍም። ዕጣም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም፤ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ በኮምፒውተር ሥርዓቱ ላይ በተገኘ ማጭበርበር መሰረዙን ማንም አይረሳም። ያንን ያጋለጠው ግን ምርመራ ነው፤ ዕጣ በአደባባይ ሊወጣ፣ ዝርዝሩ አስቀድሞ ሊታወቅና በኋላም ሊመረመር ይችላል። የነጥብ ቅያሬን ሰንጠረዥ ማን መረመረው? ቃለ መጠይቅና የድጋፍ ደብዳቤ ይጨመር ብል ኖሮ ስጋቱ ሙሉ በሙሉ ይደርሰኝ ነበር፤ እነዚያ የሰው ፊት የሚታይባቸው ናቸውና። በመደብ ውስጥ የሚወጣ ዕጣ ግን የማንንም ፊት አያይም፤ ማንነትን ባለማየት ከነጥቡ የሚያንስበት የለም።

ስለ ዘርና ስለ ድህነት የሚነሣውንም መዝለል አይቻልም። በ2019 ስታይቨሰንት ቦታ ከሰጣቸው 895 ልጆች ጥቁሮቹ 7 ነበሩ፤ በ2025 ከ781 ውስጥ 8። ፈተናውን የሚደግፉ ወገኖች፣ በተለይም ብዙ የእስያ ተወላጅ ቤተሰቦች፣ ይህ ፈተና ገንዘብም ዘመድም ለሌለው ስደተኛ የተከፈተ ብቸኛ በር ነው ይላሉ፤ ከመካከላቸው ድሆች ብዙ ናቸውና ንግግራቸው ባዶ አይደለም። የመደብና የዕጣ አሠራር ይህን ሰፊ ክፍተት ይዘጋዋል ብዬ አልሸነግልም። ክፍተቱ የተፈጠረው ከፈተናው ቀን ብዙ ዓመታት አስቀድሞ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ነው። ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት በሰሜን ቨርጂኒያ፣ የፌርፋክስ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ በ2020 የቶማስ ጀፈርሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን የመግቢያ ፈተና ትቶ ከየመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከላይ ላሉት 1.5 በመቶ ተማሪዎች ቦታ መደበ። በዚህ ላይ የቀረበው ክስ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2024 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም ብሏል። ያ አሠራር በሩን ወደ ብዙ ሰፈር በማድረሱ ደግ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ። ይሁንና በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በ1.5 በመቶው ጠርዝ ላይ ያሉት ሁለት ልጆች አሁንም በማያስተማምን ስስ ልዩነት ይለያሉ፤ መስመሩ ቦታ ቀየረ እንጂ ጠባዩ አልተለወጠም።

የኒው ዮርክን ሕግ መለወጥ በአልባኒ ያሉትን የግዛቲቱን ሕግ አውጪዎች ይጠይቃል፤ ጊዜ ይወስዳል። ሕግ ሳይነካ ነገ ሊደረግ የሚችል ግን አለ። ለቤተሰቡ በሚደርሰው የውጤት መግለጫ ላይ ከጠቅላላ ነጥቡ ጎን የስህተት ወሰኑ ይጻፍ፤ ጥሬ ነጥቡ በየትምህርት ዓይነቱ ይታይ፤ የቅያሬው ሰንጠረዥ በየዓመቱ ይታተም፤ በወሰኑ ውስጥ ሆኖ ለቀረ ልጅ ደግሞ ከገቡት ጋር ያለው ልዩነት ፈተናው ሊለየው ከሚችለው በታች መሆኑ በግልጽ ቃል ይነገረው። የ12ኛ ክፍልን ውጤት በ50 በመቶ የሚቆርጠው የእኛው ፈተና አዘጋጅም 49 ላመጣ ልጅ ይህንኑ ማብራሪያ የመስጠት ዕዳ አለበት።