ኮምፒዩተር በቃል ወይስ በእጅ?

ዋና ለመማር የሚሻ ሰው ወንዝ ዳር ተቀምጦ ስለ ውኃ ቢነገረው ዋናተኛ ሊሆን አይችልም። ከውኃው መግባት፣ እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ ይኖርበታል። የኮምፒዩተር ትምህርትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ይሁን እንጂ በአንዳንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪው የመሣሪያውን ክፍሎች ስምና ትርጓሜ በቃሉ አጥንቶ ፈተናውን ያልፋል፤ አንዲት ማመልከቻ ጽፈህ አሳይ ሲባል ግን ጣቱን የሚያሳርፍበት ይጠፋዋል። በእኔ አስተያየት ትምህርቱ በተግባር ሊሰጥ፣ ፈተናውም በተግባር ሊሆን ይገባል።

የዚህን ጥቅም በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። የአንድ ዕድር ጸሐፊ የ30 አባላትን ወርኃዊ መዋጮ በመዝገብ ያሰፍራል እንበል። አንዱን ቁጥር ቢሳሳት ድምሩን እንደ ገና ማስላት ግድ ይሆንበታል። እ.ኤ.አ. በ1979 ቪዚካልክ የተባለው ፕሮግራም ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ግን በኮምፒዩተር የሒሳብ ሠንጠረዥ መሥራት ተለምዷል። በሠንጠረዡ አንዱ ቁጥር ሲታረም ድምሩም አብሮ ይታረማል። ነገር ግን ቀመሩን የጻፈው ሰው የመጨረሻውን ረድፍ ቢዘነጋ ኮምፒዩተሩ የታዘዘውን ብቻ ይደምራል። እያንዳንዱ አባል 50 ብር ከፍሎ ድምሩ 1,500 መሆን ሲገባው 1,450 ቢል፣ ጉድለቱን የሚያስተውለው አስቀድሞ በአእምሮው የገመተ ሰው ነው። ይህ ጥንቃቄ የሚገኘው ሠርቶ፣ ተሳስቶና አርሞ እንጂ ትርጓሜ በማጥናት አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ፊደላችንን ይመለከታል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደላቱ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ይህ መሰናክል በእጅጉ ተቃሏል። ሆኖም በጥቂት ቁልፎች ይህን ሁሉ ፊደል አቀናጅቶ መጻፍ ልምምድ ይጠይቃል። ያልተለማመደ ተማሪ የገዛ ቋንቋውን በላቲን ፊደል ለመጻፍ ይገደዳል።

መጽሐፍ እንኳ ባልተሟላበት ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ችግሩ እውነት ነው፤ ኤሌክትሪክ በሌለበትም መሣሪያው ብቻውን ምንም አይፈይድም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በቤቱ ኮምፒዩተር ያለው ልጅ ትምህርት ቤት ባያስተምረውም መማሩ አይቀርም፤ የሌለው ልጅ ግን ተስፋው ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። እንግዲህ ትምህርቱ ቢቀር የሚጎዳው የድኻው ልጅ ነው። መሣሪያው ጥቂት ከሆነ ተማሪዎች በተራ ሊሠሩበት ይችላሉ፤ ተራቸውን የሚጠብቁትም ሠንጠረዡን በወረቀት ነድፈው ቀመሩን ያዘጋጃሉ።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ለኮምፒዩተር ትምህርት ደግሞ በመጽሐፍ ያለውም ቢሆን በእጅ ካልተሠራበት አይወረስም ብንል ከእውነት አንርቅም። ስለዚህ ፈታኙ «ኮምፒዩተር ምንድን ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ተማሪውን ከመሣሪያው ፊት አስቀምጦ አንድ ደብዳቤ ያስጽፈው፤ አንድ ሒሳብም ያስደምረው። መማሩ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።