ችኮላ በነጋዴው የሒሳብ መዝገብ

አንድ ነጋዴ አንዱን ኩንታል ስኳር ከገበያው ዋጋ ጥቂት ብር አስበልጦ የገዛ እንደ ሆነ ነገሩ ሲቆጨው ይሰነብታል። ይኸው ሰው ሾፌሩ በአውራ ጎዳና ላይ ለከንቱ ችኮላ የሚያቃጥለውን ቤንዚን ግን «የመንገድ ወጪ» ብሎ በአንድ መስመር አስፍሮ ያልፈዋል። ዳሩ ግን የነዳጅ ወጪ ሊለካና ሊቀነስ የሚችል ስለ ሆነ፣ እንደ ማንኛውም ወጪ ሊመረመር ይገባዋል።

ዛሬ በብዙ የንግድ ቤቶች በር ላይ ቆመው የሚታዩት ለጭቃና ለዳገት የተሠሩ፣ ካምቢዮአቸውም አውቶማቲክ የሆነ አውቶሞቢሎች ናቸው። በጥንካሬያቸው የሚመሰገኑ ቢሆኑም፣ ክብደታቸው ብዙ፣ ቁመታቸው ከፍ ያለ፣ ግንባራቸውም ሰፊ በመሆኑ ነፋስን ሰንጥቀው ለማለፍ የተመቹ አይደሉም። የነፋስ ግፊት ደግሞ ከፍጥነት ጋራ እኩል አይራመድም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ አውቶሞቢል 120 ሲገባ፣ ፍጥነቱ የጨመረው በአንድ ሦስተኛ ብቻ ሲሆን የነፋሱ ግፊት ግን ከመቶ 78 ያህል ይጨምራል። ነዳጁ ጎማውን ለማንከባለልና ሞተሩን ለማዞርም ስለሚውል ፍጆታው በዚያው ልክ ባያድግም፣ ልዩነቱ በማደያው ሒሳብ ላይ ጎልቶ ይታያል። በፖርቶ መጋላው ላይ ዕቃ የተጫነ እንደ ሆነም ይብሳል።

በዚህ ሁሉ ወጪ የሚገዛው ጊዜ ምን ያህል ነው? ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን መንገድ በ120 የሄደ በ43 ደቂቃ፣ በ90 የሄደ በ57 ደቂቃ ይጨርሰዋል። እንግዲህ ትርፉ 14 ደቂቃ ብቻ ነው፤ እርሷም በከተማው መግቢያ ላይ በሚጠብቀው የመኪና ሰልፍ ታልቃለች። ፍሬን ከተያዘ በኋላ አውቶሞቢሉ ሳይቆም የሚንሸራተትበት ርቀትም በዚያው በ78 ከመቶ ገደማ ይረዝማል። ቁመቱ ከፍ ያለ አውቶሞቢል በድንገት መሪ ሲጠመዘዝበት ለመገልበጥ የቀረበ መሆኑን ያሰበ ሰው፣ የችኮላው ዕዳ በቤንዚን ብቻ እንደማይከፈል ይረዳዋል።

አውቶማቲክ ካምቢዮም የራሱ ጠባይ አለው። በፍሪሲዮን ፈንታ የሞተሩን ጉልበት የሚያስተላልፈው በዘይት የተሞላ መሣሪያ ነው። ሾፌሩ ቤንዚን መስጫውን በኃይል ሲረግጥ ማርሹ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ነዳጁም ይፈስሳል። እግሩን አለስልሶ ፍጥነቱን በአንድ ልክ ለሚይዝ ሾፌር ግን ካምቢዮው ወደ ላይኛው ማርሽ ይወጣል፤ በብዙዎቹም ዘንድ ያ የዘይት መሣሪያ ያለ መንሸራተት ስለሚቆለፍ የሚባክነው ጉልበት ያንሳል። ኦቨርድራይቭ የሚባለውን ማርሽ ዘግቶ በሜዳ መንገድ ላይ የሚነዳ ሾፌር ግን ይህን ጥቅም በገዛ እጁ ይጥለዋል።

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት አዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲወርዱ ቁልቁለቱን በፎሌ የሚነዱ ሾፌሮች ነዳጅ የቆጠቡ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። የዛሬዎቹ ሞተሮች ማርሽ ገብቶ ሳለ እግር ከቤንዚን መስጫው ሲነሣ ነዳጁን ራሳቸው ያቋርጣሉ። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል፤ ፍሬኑም ያለ ሞተሩ ርዳታ ብቻውን ይቀራል።

ይህን ሁሉ በሾፌሩ ላይ መጫን ግን ከፍርድ መራቅ ነው። ደብዳቤውን በ3 ሰዓት ፈርሞ «ከ4 ሰዓት በፊት አዳማ አድርስልኝ» የሚል ጌታ፣ የፍጥነቱን ልክ በገዛ ቃሉ ወስኗል። በመንገድ የሚቀጣው ሾፌሩ ይሁን እንጂ ትእዛዙ የወጣው ከቢሮው ነው። «ገበያ አይጠብቅም» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። እውነት ነው፤ ገበያ አይጠብቅም፤ ነገር ግን አሥራ አራቱን ደቂቃ ከመንገዱ ከመስረቅ ይልቅ ሩብ ሰዓት ቀድሞ መነሣት ምንም ዋጋ አይጠይቅም።

ነገሩ ከአንድ ሱቅ ሒሳብም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የዓረብ አገሮች ነዳጅ በከለከሉ ጊዜ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ1974 የአገሩን የፍጥነት ልክ በሰዓት 55 ማይል፣ ይኸውም 89 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እንዲሆን ደነገገ፤ ሕጉም ፈጽሞ የተሻረው በ1995 ነው። በኢትዮጵያም በዚያው ዘመን፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም.፣ የቤንዚን ዋጋ መጨመር የአዲስ አበባን ታክሲ ነጂዎች ሥራ እስከ ማስቆም አድርሶ ነበር። ኢትዮጵያ ቤንዚንና ናፍጣ የምታስገባው በውጭ ምንዛሪ ገዝታ ነው። አስመጪው ለሸቀጡ የሚለምነው ዶላርና በአውቶሞቢሉ ጭስ ማውጫ የሚወጣው ዶላር አንድ ናቸው። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መወሰኑም ሲታሰብ፣ በእጅ ያለውን አውቶሞቢል ዕድሜ መጠበቅ ብልኅነት ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ የንግድ ቤት ሦስት ነገር ቢያደርግ ይጠቀማል። አንደኛ፣ የመንገዱ ምልክት ከዚያ ያነሰ ካላዘዘ በቀር በአውራ ጎዳና ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ በጽሑፍ ይዘዝ። ሁለተኛ፣ በየጉዞው የተሄደው ኪሎ ሜትርና የተቀዳው ሊትር በመዝገብ ይግባ። ሦስተኛ፣ ነዳጅ ያተረፈ ሾፌር ከትርፉ ድርሻውን ያግኝ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና፣ በችኮላ የተገኘች ደቂቃ ለነጋዴ ትርፍ ሆና አታውቅም።