የመጀመሪያው መስታወት ቤት ውስጥ ነው



ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ሲያጫውቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰሙት ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው። «ልጄ ከስልኩ አልላቀቅ አለ፤ ልጄ ከመስታወት ፊት አልነሣ አለች፤ የዘመኑ ልጅ ከመልኩ በቀር ሌላ ሐሳብ የለውም» ይላሉ። ቅሬታው እውነትነት አለው። ይሁንና ቀኑን ከልጆቹ ጋር የምንውለው መምህራን አንድ ሌላ ነገር እናያለን። መስታወት ፊት ረጅም ሰዓት የሚቆም ልጅ ሁሉ በመልኩ የተደሰተ አይደለም። ብዙዎቹ የሚቆሙት ከፊታቸው ላይ የሚጠሉትን ነገር ሲፈልጉ ነው።

ለፈተና ምዝገባ ጉርድ ፎቶግራፍ አምጡ ሲባሉ ፎቶ ቤት ሦስት ጊዜ የሚመላለሱ ተማሪዎች አሉ። የክፍሉ ተማሪ በሙሉ አብሮ ፎቶ ሲነሣ ከሰው ጀርባ የሚደበቁ አሉ። ኮሮና በ2012 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ ያደረግነውን ማስክ፣ ግዴታው ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላም ፊታቸውን ለመሸፈን ሲሉ ያላወለቁ ተማሪዎችን አውቃለሁ። እነዚህ ልጆች በመልካቸው የኮሩ ናቸውን? በፍጹም! እነዚህ በመልካቸው ያፈሩ ልጆች ናቸው። ለኩራት የሚሰጠው ምክርና ለኀፍረት የሚሰጠው ምክር ደግሞ አንድ አይደለም።

ከፎቶ ቤት እስከ እጅ ስልክ

ወላጆች፣ በልጅነታችሁ ስንት ፎቶግራፍ ነበራችሁ? የዒድ ልብስ ተለብሶ፣ ፀጉር ተቀብቶ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ወደ ፎቶ ቤት ይሄዳል። ከጀርባ ፏፏቴ ወይም አበባ የተሣለበት መጋረጃ ተዘርግቷል። ፎቶ አንሺው «አገጭ ቀና! እንዳትንቀሳቀሱ!» ይላል። ፎቶው ከቀናት በኋላ ታጥቦ ይመጣል፤ ከመካከል ዓይኑን የጨፈነ ቢኖር ይሳቅበትና በፍሬም ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ያ ፎቶ ማስታወሻ ነበር። እንግዳ ሰው መጥቶ ለፊታችን ነጥብ አይሰጥበትም ነበር።

ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀመረ። ፊትን እዚያው በስልኩ መስታወት ላይ እየለወጡ የሚያሳዩት የስናፕቻት ፊልተሮች በ2015 መጡ። ቲክቶክ በ2018 ሚዩዚካሊ ከተባለው መተግበሪያ ጋር ተዋሕዶ በዓለም ተሰራጨ። ስለዚህ ዛሬ ዐሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ራሱን ማየት ከጀመረ ወዲህ ፊልተር ያልነበረበትን ጊዜ አያስታውስም።

ማስዋቢያ የሚባለው ፊልተር ምን ያደርጋል? አብዛኛውን ጊዜ ቆዳን ያቀላል፣ አፍንጫን ያቀጥናል፣ ዓይንን ያተልቃል፣ አገጭን ያሾላል፣ ብጉርን ያጠፋል። ልጅቷ በዚህ መንገድ የተነሣችውን ፎቶ ትልካለች፤ ጓደኞቿም «ማሻአላህ፣ እንዴት አምሮብሻል!» ብለው ይመልሱላታል። ምስጋናው የደረሰው ግን ለማን ነው? እሷ ልቧ ያውቀዋል፤ የተመሰገነው የሷ ፊት አይደለም። በመሆኑም ምስጋናው በበዛ ቁጥር የገዛ ፊቷን ይዛ ሰው ፊት መቅረብ ይበልጥ ያስፈራታል። ብዙ ሰው ያላስተዋለው ወጥመድ ይህ ነው።

ካሜራውም ያሳስታል

ፊልተር ባይኖርም እንኳ የእጅ ስልክ ካሜራ እንዳለ የሚናገር ምስክር አይደለም። ተማሪዎቼን የማሠራው ቀላል ሙከራ አለ፤ እናንተም ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አንደኛው ልጅ የጓደኛውን ፊት በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያነሣዋል። ቀጥሎ 1.5 ሜትር ያህል ርቆ ያነሣውና ሁለቱ ፊቶች በመጠን እኩል እስኪሆኑ ድረስ ሁለተኛውን ፎቶ ያሰፋዋል። አፍንጫው በሁለቱ ፎቶዎች ላይ አንድ ዓይነት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሰላው፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተነሣ ፎቶ በ1.5 ሜትር ከተነሣው ይልቅ አፍንጫን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ለካሜራው ይቀርባል፣ የቀረበም ነገር ይተልቃል። ስንቱ ወጣት ነው የክንዱን ማጠር አፍንጫው ላይ አላክኮ የሚተክዘው!

ጉዳቱን ባለቤቶቹም ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው ጋዜጣ የፌስቡክን የውስጥ ሰነዶች አውጥቶ ነበር። በአንዱ ሰነድ ላይ የኩባንያው ተመራማሪዎች፣ ኢንስታግራም ከሦስት ልጃገረዶች በአንዷ ላይ ስለ ሰውነቷ ያላትን መጥፎ ስሜት እንደሚያብስ ጽፈው ተገኝተዋል። ኩባንያው ጥናቱ ያለ አግባብ ተተረጎመብኝ ሲል ተከራክሯል። ኖርዌይ በዚያው ዓመት ባወጣችው ሕግ፣ የሰው ገላ ወይም ቆዳ ተነካክቶ የቀረበበት ማስታወቂያ ሁሉ ይህን የሚገልጽ ምልክት እንዲኖረው አዘዘች። ቲክቶክም በ2024 መጨረሻ ላይ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አንዳንድ ፊት የሚለውጡ ፊልተሮችን እንደሚከለክል አስታወቀ።

ከስልክ ወደ ቆዳ

ነገሩ ስልክ ላይ ቢቀር ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበን ነበር። ዳሩ ግን ፊልተሩ ያሳየውን ፊት በብልቃጥ አድርጎ የሚሸጥ ነጋዴ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ጉንጮቿ እንደ በርበሬ ቀልተው፣ ፀሐይ ላይ መቆም አቅቷት መጣች። የአክስቷ ልጅ ሠርግ ሳይደርስ «ቀላ ለማለት» ስሙም ይዘቱም ያልተጻፈበት ቅባት ለወራት ስትቀባ ቆይታለች። እናቷን አስጠርተን ስናነጋግር ደግሞ ሌላ ነገር ሰማን። የቅባቱን ገንዘብ የሰጠቻት እናቷ ራሷ ነበረች።

እንዲህ ባሉ ቅባቶች ውስጥ በተደጋጋሚ የሚገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሜርኩሪ ነው፤ በቆዳ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፣ በፎጣና በንክኪም ቤት ውስጥ ላሉ ሕፃናት ይተርፋል። ሚናማታ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የታቀፉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ተሰብስበው፣ ሜርኩሪ የተጨመረባቸው መዋቢያዎች በሙሉ እስከ 2025 ከገበያ እንዲወጡ ወስነዋል። ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው፤ ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ የተቀባው ሰው ቆዳው ጭርሱን ሊጠቁርና ሊበላሽ ይችላል። ሦስተኛው ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ የስቴሮይድ ቅባት ነው። ይህ ለቆዳ በሽታ በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት ሲሆን፣ ያለ ልክ ሲቀቡት ቆዳን ያሳሳል። ሲያቆሙትም ቆዳው ስለሚቆጣ ብዙዎች ተመልሰው ይቀቡታል። ስለዚህ ለወራት የተቀባች እህት ካለች በኀፍረት ቤት ከመቀመጥ ወደ ቆዳ ሐኪም ትሂድ፤ አቋሟን የምትወስነውም እሱን አማክራ ይሁን።

ጥቁረታችንን የሚሰጠን ሜላኒን የተባለው ቀለም ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። ጎጂውን የፀሐይ ጨረር ይከላከላል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ይህ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። እንግዲህ ፈጣሪ ለዚህ ከፍታ የሰጠንን ጃንጥላ በገንዘባችን እያጠፍነው ነው ማለት ነው።

ይህ የሴቶች ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ወንዶቹም ቁመታቸውን፣ ጡንቻቸውንና የጢማቸውን መሳሳት ከስልክ ላይ ሰው ጋር እያነጻጸሩ ይሰቃያሉ። ልዩነቱ፣ ወንድ ልጅ ስለዚህ ነገር መናገር ነውር ስለሚመስለው በቀልድ ይሸፋፍነዋል።

መጀመሪያ የወጣላቸው ስም

እስካሁን ስለ ስልኩ ተናግረናል። አሁን ግን፣ ወላጆች ሆይ፣ አትቀየሙን፣ ስለ ቤታችን እንነጋገር። ልጁ ስልክ ሳይዝ ብዙ ዓመት በፊት መልኩን የነገርነው እኛ ነን። ሕፃን ሲወለድ ጠያቂ ሁሉ ጎንበስ ብሎ «ቀይ ናት? ማንን ትመስላለች?» ይላል። እኅቷ «ብስል ቀይ» ስትባል፣ እሷን «ጠይም ብትሆንም ታምራለች» እንላታለን። «ብትሆንም» የሚለውን ቃል ልጅ አይሰማውም ብለን ነውን? ወንዱን «አፍንጮ»፣ «ግንባሮ»፣ «ጥቁሬ» እያልን በፍቅር እንጠራዋለን። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ልጁ ግን ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ፍቅሩን ትቶ ስሙን ያስታውሳል። ለወንድ ልጃችን ሚስት ስናፈላልግም ከዲኗና ከጠባይዋ በፊት ስለ መልኳ ስንጠይቅ፣ ጓዳ ያለችው ልጃችን ትሰማናለች፤ የራሷንም ዋጋ በዚያው ታሰላለች።

አበው «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» ይላሉ። እኛ ግን አንዳንዴ መልከ መልካሙን ልጅ በስም እናበላሻለን። በሱረቱል ሑጁራት አላህ (ሱ.ወ) ምእመናን እርስ በርሳቸው እንዳይሳለቁ፣ በመጥፎ ቅጽል ስምም እንዳይጠራሩ መከልከሉን መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ትእዛዙ ግን ከመንገድና ከገበያ አልፎ የቤታችንን ደፍ መሻገር አለበት።

የዛሂር ዋጋ

አነስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት አንድ ታሪክ አለ። ዛሂር የተባለ የበረሃ ሰው ነበር። ከገጠር ስጦታ ይዞ ይመጣል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አገሩ ሲመለስ ስንቅ ያዘጋጁለታል፤ ይወዱትም ነበር። መልኩ ግን የሚያምር አልነበረም። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ዕቃውን ሲሸጥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከኋላው መጥተው አቀፉት። ማን እንደሆነ ሳያይ ልቀቀኝ አለ። ዘወር ብሎ ሲያውቃቸው ግን ጀርባውን ከደረታቸው አላላቅቅ አለ። እርሳቸውም ይህን ባሪያ ማን ይገዛኛል ብለው ተጫወቱ። እሱም እንግዲያውስ ዋጋ የማያወጣ ዕቃ ሆኜ ታገኙኛላችሁ ሲል መለሰ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ግን ዋጋህ ውድ ነው አሉት።

ዛሂር በቀልድ መካከል የተናገረውን ልብ በሉ። በራሱ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ ለጠፈ። ልጆቻችን ዛሬ «እኔን ማን ያየኛል!» እያሉ የሚስቁት ሳቅ ይህንኑ ይመስላል። መልሱንም ልብ በሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆንጆ ነህ ብለው አልሸነገሉትም፤ ቢሉት ኖሮ ዛሂር ራሱ ባላመነ ነበር። የሚመዘንበትን ሚዛን ቀየሩለት። ይህንንም ያደረጉት ሰው በሚያይበት ገበያ መካከል አቅፈውት ነው። ልጅን በሰው ፊት ስናቃልል ለኖርን ሰዎች በዚህ ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ።

ይህ ማለት ግን መዋብ ነውር ነው ማለት አይደለም። መልካም ልብስና መልካም ጫማ ስለሚወድ ሰው ሲጠየቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውበትን መውደድ ኩራት አለመሆኑን፣ ኩራት እውነትን መግፋትና ሰውን መናቅ መሆኑን አስተምረዋል። ሂናው ይሞቅ፣ ኩሉ ይኳል፣ ፀጉሩ ይበጠር፣ የዒድ ልብሱም ይሰፋ! መዋብ ያለንን ፊት ማክበር ነው፤ የሚያሳዝነው ያለንን ፊት እንደ በደል ቆጥሮ ማሳደድ ነው።

ምን እናድርግ?

ወላጆች፣ ስልኩን መንጠቅ አይጠቅምም፤ ልጁ ከጓደኛው ስልክ ላይ ያየዋል። ይልቅ አብራችሁ ተቀመጡና ፊልተሩን እያበራችሁ እያጠፋችሁ ምን ምኑን እንደሚቀይር ልጁ ራሱ ይንገራችሁ። ከዛሬ ጀምሮ የቆዳን ቀለም ለምስጋናም ለነቀፋም አታንሡ፤ እኅትማማቾችንም በመልክ አታወዳድሩ። ልጃችሁን ስታመሰግኑ በሠራው ሥራ አመስግኑት፤ ለአያቱ ውኃ ማቅረቡን፣ ቃሉን መጠበቁን፣ ሒሳቡን መሥራቱን አንሡለት። ቤታችሁ ውስጥ ይዘቱ ያልተጻፈበት ቅባት ካለ አውጥታችሁ ጣሉት። ልጃችሁ ከሰው ከሸሸ፣ ምግብ ከቀነሰ ወይም ፎቶ መነሣት ጨርሶ ከጠላ ደግሞ ቁጣውን ትታችሁ ቀርባችሁ ጠይቁት።

እህቶችና ወንድሞች፣ ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለን። በሕይወታችሁ ከሁሉ የምትወዱትን ሰው ፊት አስቡ፤ ምናልባት የእናታችሁ፣ ምናልባት የአያታችሁ ይሆናል። ሽብሽቡ ጠፍቶ፣ ቀለሙ ተቀይሮ፣ አፍንጫው ቀጥኖ ብታገኙት ትወዱ ነበርን? ትደነግጡ ነበር እንጂ! እናንተንም በዚያው ዓይን የሚያይ ሰው አለ። እሱ የሚፈልገው ይህንኑ ፊታችሁን ነው።