የታመመችውን ዶሮ ለማን እንሽጣት?



ለዚህ ወር የመረጥነው ጉዳይ ከቤታችን ጓሮ የሚነሳ ነው። እንደሚታወቀው በገጠርም ሆነ በከተማ አምስት ስድስት ዶሮ የያዘ ቤተሰብ ብዙ ነው። የዶሮ ሀብት ደግሞ በአብዛኛው የእናት ሀብት ነው። ከእንቁላሉ ሽያጭ የልጅ ደብተር ይገዛል፤ ጨውና ሳሙና ይሸመታል፤ ድንገት እንግዳ ሲመጣም ባለቤቲቱ አታፍርም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው እንቁላል ከ60 ብዙም የማይዘል ቢሆንም ጓሮ ለጓሮ ጭራ ራሷን ስለምትመግብ ወጪዋ ትንሽ ነው። ስለዚህ የአንዲት ዶሮ ሞት ለሀብታሙ ቤት ኢምንት ቢመስልም፣ ለድሃዋ እናት ግን የወር ጨውና ሳሙና መጥፋት ነው።

አሁን አንድ ማለዳ እናስብ። ዶሮዎቹ ከቆጥ ሲወርዱ ሁለቱ ክንፋቸውን ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥግ ይዘው ይቆማሉ። እህል ሲበተንላቸው አይንቀሳቀሱም። ኩሳቸው አረንጓዴ ሆኗል። ነገ ደግሞ የገበያ ቀን ነው። በዚህ ጊዜ በብዙ ቤት የሚነገረው ቃል አንድ ዓይነት ነው፦ «ሳትሞት ትሸጥ!»

ይህን ቃል የምንናገረው ክፉ ሰዎች ስለሆንን አይደለም። ኪሣራው ስለሚያስፈራን ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው የሌላውን ሰው ሐቅ መብላት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነው፤ በሽታው ወደ ጓሯችን የገባው ሌላ ሰው ያንኑ ቃል ተናግሮ ስለነበረ ሊሆን ይችላል።

ፈንግል ምንድን ነው?

ከዶሮ በሽታዎች ሁሉ የመንደር ዶሮን በብዛት የሚፈጀው ሕዝቡ ፈንግል የሚለው፣ ባለሙያዎች የኒውካስል በሽታ የሚሉት ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴትና በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አካባቢ ታይቶ ስሙን ከዚህችው ከተማ ወሰደ። የሚያመጣው ቫይረስ ነው። የታመመች ዶሮ ትደበታለች፤ አፏን ከፍታ በጭንቅ ትተነፍሳለች፤ አረንጓዴ ተቅማጥ ይይዛታል፤ እንቁላል መጣል ታቆማለች። አንዳንዷ አንገቷ ይጠማዘዛል፣ እግርና ክንፏ አይታዘዝላትም። ሌላዋ ደግሞ ማታ ደህና ወደ ቆጧ ወጥታ ጠዋት ሞታ ትገኛለች። ኃይለኛው ዓይነት ክትባት ወዳላገኙ ዶሮዎች መሐል ከገባ ጓሮውን ባዶ ሊያደርግ ይችላል።

ፈንግል አንዴ ከያዘ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ማጠጣት፣ በርበሬ ማጉረስ፣ ለሰው የተሠራ የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቶ ውኃ ውስጥ መጨመር የተለመደ ነው። እነዚህ ቫይረሱን አይገድሉም። እንዲያውም ያለ ባለሙያ ትእዛዝ የተሰጠ መድኃኒት ቅሪቱ በእንቁላልና በሥጋ አልፎ ልጆቻችን ገበታ ላይ ሊቀርብ ይችላል። ደግሞም ሌሎች የዶሮ በሽታዎች ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው፣ በዓይን አይቶ ፈንግል ነው ወይም አይደለም ብሎ መፍረድ አይቻልም። ብዙ ዶሮ በአንድ ጊዜ ሲታመም ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መንገር የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ከገበያ የተመለሰችው ዶሮ

በሽታው ገብቶ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 15 ቀን፣ ብዙውን ጊዜም 5 ወይም 6 ቀን ይወስዳል። በነዚህ ቀናት ውስጥ ዶሮዋ ጤነኛ መስላ ትታያለች። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በአገራችን የዶሮ ገበያ የሚደራው በበዓላት ሰሞን መሆኑ የታወቀ ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ ሲደርሱ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ስለሚገዙ ዋጋው ይወጣል፤ በጾሙ ወራት ደግሞ ይወርዳል። ስለዚህ ሙስሊሙም ዶሮ አርቢ ኮርማ አውራ ዶሮውንና የሰባችውን ዶሮ ለነዚያ ቀናት ያቆያል። በበዓሉ ዋዜማ ከየመንደሩ የመጡ ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው፣ ከአንድ ጣሳ ውኃ እየጠጡ ይውላሉ። ቫይረሱ በምራቅና በኩስ ስለሚተላለፍ አንዲት የታመመች ዶሮ ብዙዎችን ትበክላለች። ማታ ላይ የተሸጠችው ወደ ገዢዋ ቤት ትሄዳለች። ዋጋ ያልተስማማባት ደግሞ ወደ ባለቤቷ ተመልሳ ከሌሎቹ ጋር አንድ ቆጥ ላይ ታድራለች። ከሳምንት በኋላ ሞት ይጀምራል፤ ባለቤቲቱም «ዓይን በላብኝ» ወይም «ነፋስ አመጣብኝ» ትላለች። ነገር ግን ያመጣችው ከገበያ የተመለሰችው ዶሮ ናት።

የፋሲካ ገበያ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ስለሚውል ከበልግ ዝናብ ጋር ይገጥማል። ፈንግልም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ዝናብ በሚጀምርበት ሰሞን ነው። ጥንቃቄያችን መበርታት ያለበት በነዚህ ወራት ነው ማለት ነው።

የገዢው ሐቅ

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከውስጡ እርጥበት ማግኘታቸው፣ ሻጩም እርጥቡን ከላይ አድርጎ ለሰው ባለማሳየቱ መወቀሱ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የታወቀ ነው። የታመሙ ግመሎች ያሉት ሰው ጤነኛ ግመሎች ወዳሉበት እንዳያመጣቸው የሚከለክለውን ሐዲስም ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ግመል በሚለው ቦታ ዶሮ ብለን ብናስብ ትምህርቱ ለኛ ጓሮ እንደሚሠራ ግልጽ ነው። የታመመችውን ዶሮ ላባዋን አስተካክሎ፣ ዓይኗን ጠራርጎ ገበያ ማውጣት ነውርን መሸፈን ነው። ገዢው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ሐቁ አንድ ነው።

«እውነቱን ተናግሬ በርካሽ ብሸጣትስ?» የሚል ይኖራል። ውሸቱ ይቀራል፤ በሽታው ግን ከዶሮዋ ጋር ይሄዳል። ገዢው አውቆ ቢገዛ እንኳ ጎረቤቱ አላወቀም። በዚያው ቆጥ ላይ ያደሩትና ጤነኛ የሚመስሉትም እንዲሁ ናቸው፤ አዲስ ሕመም ሳይታይ ቢያንስ 3 ሳምንት እስኪያልፍ ድረስ ከግቢ ባይወጡ ይመረጣል። ይህ ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ለደብተር የታሰበው ገንዘብ የሚቀርበት ቤት አለ። ነገር ግን የዚያ ቤት ኪሣራ ወደ ሌላ ድሃ እናት ጓሮ ቢዛወር ኪሣራው አልጠፋም፤ በዝቷል እንጂ።

ሌላው የሚነሳው ሐሳብ «አርደን እንብላት» የሚለው ነው። የሸሪዓውን ዝርዝር ለዑለማዎቻችን እንተወዋለን። ከጤና አንጻር ግን ደሟ፣ ላባዋና አንጀቷ ጓሮ ውስጥ ሲጣል በሽታውን ይበትናል፤ ቫይረሱም የሚገነጥለውን ሰው ዓይን ሊያቀላ ይችላል። ሞታ የተገኘችው ደግሞ በክት መሆኗን ሕፃን ልጅም ያውቃል። እሷን ለሌላ መሸጥም ሆነ ለውሻ ወይም ወደ ወንዝ መጣል አይገባም። ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ መቀበር አለባት። የቀበረውም ሰው እጁንና ጫማውን በሳሙና ይታጠብ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ሳይታመሙ ማስከተብ ነው። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ፒተር ስፕራድብሮው ከባልደረቦቻቸው ጋር አይ-2 የተባለውን፣ ከሌሎቹ ይልቅ ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት በተለይ ለመንደር ዶሮ አዘጋጅተዋል። በአገራችንም የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ ከተማ ይመረታል። አይ-2 አሰጣጡ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዷ ዶሮ፣ ጫጩትም ብትሆን፣ ዓይኗ ላይ አንድ ጠብታ ይደረጋል። በየ3 ወይም 4 ወሩ መደገም አለበት። ኃይሉ በዶሮዋ ሰውነት ውስጥ እስኪጸና ሳምንታት ስለሚፈልግ ዝናቡም ሆነ የበዓሉ ገበያ ከመድረሱ ከወር በፊት ቢሰጥ ይመረጣል። ለታመመች ዶሮ ግን ክትባት መድኃኒት አይሆናትም።

እዚህ ላይ የጎረቤት ነገር ይመጣል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠም ለሌላ ቀን አይቆይም። ለአምስት ዶሮ ብቻ መግዛት የማይመቸው ለዚህ ነው። ስለዚህ አሥር አሥራ አምስት ቤት ገንዘብ አዋጥቶ፣ ቀን ቆርጦ፣ ባለሙያ ጠርቶ በአንድ ጠዋት ማስከተብ ይችላል። ለዕድርና ለቡና የሚሰበሰብ ጎረቤት ለዚህ መሰብሰብ አያቅተውም። ዶሮዎቻችንም ቢሆኑ አጥር አያግዳቸውም፤ የኔ አውራ ዶሮ ከጎረቤት ዶሮዎች ጋር ሲዋጋና ሲጭር ይውላል። የኔ ብቻ ተከትበው የእሷ ቢቀሩ በሽታው ከሰፈሩ አይወጣም።

ሁለተኛ፣ ከውጭ የመጣች ዶሮ፣ የተገዛችም ትሁን በስጦታ የመጣች ወይም ሳትሸጥ የተመለሰች፣ ቢያንስ 2 ሳምንት፣ ከተቻለም 3 ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። ሌላ ቤት መሥራት አያስፈልግም። ከሌሎቹ ራቅ ያለ ጥግ፣ የራሷ መጠጫና ቅርጫት ይበቃታል። እህልና ውኃ ሲሰጥ መጀመሪያ ለነባሮቹ፣ በመጨረሻ ለእሷ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ትርፍ አውራ ዶሮዎችን ሳይታመሙ በጊዜ መሸጥ ነው። ለአሥር ያህል ዶሮ አንድ አውራ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆኑ እርስ በርስ ይቆሳሰላሉ፤ የጎረቤትንም ሰላም ይነሳሉ። ሁሉንም ለፋሲካ ዋዜማ ከማቆየት፣ ከፊሉን ቀደም ብሎ ጤነኛ ሳሉ መሸጥ ዋጋው ትንሽ ቢቀንስም አደጋውን ያቀላል። ያልተሸጠ እንዳይመለስ አንዲት ዶሮ ለመሸጥ አራት ይዞ አለመሄድም ብልህነት ነው።

አራተኛው ለእናንተ ለወጣቶች ነው። አንድ ደብተር ያዙ። ስንት ዶሮ አለ፣ መቼ ተከተቡ፣ ቀጣዩ ክትባት መቼ ነው፣ ከውጭ የመጣችው መቼ ገባች የሚለውን ጻፉ። እናቶቻችን ዶሮዎቹን ያውቋቸዋል፤ ቀኑን ግን በሥራ ብዛት ሊረሱት ይችላሉ። ማታ ማታ ቆጡን መቁጠር፣ ጠዋት ኩሱን ማየት፣ ማደሪያውን ጠርጎ አመድ መነስነስ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ሥራውን ስትጨርሱ ዓይናችሁን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ዶሮ ሊሞት ይችላል። ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ከእኛ የሚጠበቀው ሰበቡን ማድረስ ነው። ዶሮ ይዘን ወደ ገበያ ከመውጣታችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ይህችን ዶሮ ሌላ ሰው ቢሸጥልኝ ወደ ቤቴ አስገባት ነበር? መልሱ አይደለም ከሆነ እግሯን እንፍታት፤ እዚያው ትቆይ።