መጥሪያ የሚልክ መንግሥት መሳፈሪያውንም ይክፈል



ስለ ፍትሕ ሲነሳ ሁሉም ፓርቲ ስለ ዳኞች ነፃነት ይናገራል። እኛም እንናገራለን። እዚህ ላይ የምናነሳው ግን በምርጫ ክርክር መድረክ የማይሰማ፣ ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ግን አሳምሮ የሚያውቀው ጉዳይ ነው፤ የመሳፈሪያ ገንዘብ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 ለተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት፣ የመሰከሩበትን የመጠየቅ፣ የራሱን ማስረጃ የማቅረብና ምስክሮቹ ችሎት ቀርበው እንዲሰሙለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በወረቀት ላይ ጥሩ ድንጋጌ ነው። ለመሆኑ ይህ መብት በተግባር ስንት ብር ይፈጃል?

እንበልና አንድ የመኪና ረዳት አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ደብድበሃል ተብሎ ተከሰሰ። በዚያን ዕለት ጎንደር እንደነበረ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች አሉ፤ አንዷ ምግብ ቤት ያላት፣ አንዱ ጎሚስታ፣ አንዱ ዘበኛ። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሦስት ሰው መሄጃና መመለሻ፣ የአልጋ፣ የምግብ፣ ሥራ የተፈታበት ቀን ሁሉ ከተከሳሹ ቤተሰብ ኪስ ይወጣል። እንደምንም ተበድረው መጡ እንበል። ዳኛ አልተሟላም ወይም መዝገብ ተደራርቧል ተብሎ ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጣል። በሁለተኛው ቀጠሮ ጎሚስታው ሱቁን ዘግቶ ይመጣል? አይመጣም፤ እኛም አንፈርድበትም። ከዚያ በኋላ ምስክር የማሰማት መብቱ ታልፏል ይባልና ፍርድ ይሰጣል። ይህ ሰው የታሰረው ጥፋተኛ ሆኖ ነው ወይስ የአውቶቡስ ትኬት አጥቶ?

ችግሩ የተከሳሽ ብቻ አይመስላችሁ። ቤቷ የተዘረፈ እናት ክሷ ምስክር ጠፍቶ ሲዘጋ፣ ሌባው በማግስቱ በደጇ ሲያልፍ ታየዋለች። ምስክሩ ሲቀር የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ "በፖሊስ ታስሮ ይቅረብ"። ያየውን እንዲናገር የተፈለገ ዜጋ እንደ ወንጀለኛ ይያዛል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግም ሲጠራ ያለ በቂ ምክንያት የቀረውን ምስክር ይቀጣል። መንግሥት አሳሪ ፖሊስ ለመላክ የሚያወጣውን ወጪ ለመሳፈሪያ ቢያውለው ምን ነበረበት?

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 በከባድ ወንጀሎች የሚመሰክሩትን ከዛቻና ከበቀል ለመከላከል ታስቦ ነው። መልካም። ድህነት ግን ከዛቻ ባልተናነሰ ምስክርን ያስቀራል።

በ2001 ዓ.ም. በወጣውና በ2012 ዓ.ም. በሌላ በተተካው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ የተከሰሱትን አስታውሱ። ብዙዎቹ ከየክልሉ ተይዘው መጥተው ልደታ በሚገኘው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቆሙ። ተከሳሹን ከትውልድ ቀዬው አዲስ አበባ ያመጣው መንግሥት ነው። ታዲያ የመከላከያ ምስክሮቹን ማን ያምጣለት? ገበሬ አባቱ?

ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚሉን አሉ። ሕንድ በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ ቤቱ የምስክርን ወጪ መንግሥት እንዲከፍል ማዘዝ እንዲችል አድርጋለች፤ ያን ጊዜ ሕንድ ሀብታም አልነበረችም። በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች አቅም ለሌለው ተከሳሽ የሚመሰክር ሰው ወጪው እንደ ዐቃቤ ሕግ ምስክር ይከፈላል። በዋስ የተለቀቀ ድሃ ተከሳሽም ችሎት መድረሻ ትራንስፖርት እንዲሰጠው ዳኛው ማዘዝ ይችላል። መመለሻውን ግን ሕጉ አልጠቀሰም፤ እኛ ከእነሱ ስንወስድ ይህንን ጉድለት አንወስድም።

ፓርቲያችን ከተመረጠ ፍርድ ቤት የጠራው ምስክር፣ የዐቃቤ ሕግም ይሁን የተከሳሽ፣ በአንድ ተመን መሄጃና መመለሻውን፣ የአዳርና የቀን አበሉን ከሬጅስትራር በዕለቱ ይቀበላል። ችሎቱ ባይሰየምም ይከፈለዋል፤ ቀጠሮው የተላለፈው በምስክሩ ጥፋት አይደለምና። በዋስ የወጣና አቅም የሌለው ተከሳሽም መሳፈሪያ ያገኛል። ክስ ቀርቦበት ነፃ የተባለ ሰው ደግሞ ለመመላለሻ ያወጣው እንዲተካለት ዳኛው ያዛል። ከሩቅ ላለ ምስክር በፕላዝማ የመስማት አሠራር በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከተሞከረ ቆይቷል፤ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ብቻ ሳይሆን የተከሳሽም ምስክር በአቅራቢያው ካለ ፍርድ ቤት ሆኖ እንዲሰማ እናደርጋለን።

ለአበል ሲል የሚመጣ ሐሰተኛ ምስክር ይበዛል የሚለውን ስጋት ሰምተናል። የሚከፈለው መጥሪያ ለደረሰውና ለቀረበ ብቻ ነው፤ በሐሰት መመስከርም ያስቀጣል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? አንድ ቀጠሮ ሲተላለፍ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ አጃቢ ፖሊስና የእስረኛ መኪና ቀኑን በከንቱ ይውላሉ፤ ማረሚያ ቤት ያለውም ሰው እስከሚቀጥለው ቀጠሮ በመንግሥት ቀለብ ይቆያል። ይህ ሁሉ ዛሬም ከእናንተ ግብር እየተከፈለ ነው። በዚህ ላይ ፍርድ ቤቶች የሚሰበስቡት የገንዘብ መቀጮና የሚወረሰው የዋስትና ገንዘብ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል። ከዚያ ውስጥ በየዓመቱ ለምስክሮች ወጪ የሚመደብ ድርሻ በበጀት አዋጁ ላይ በግልጽ እንዲሰፍር እንጠይቃለን፤ አዲስ ግብር አንጠይቅም።

የሌሎች ፓርቲዎች ዕጩዎች ወደ ሠፈራችሁ ሲመጡ ስለ ፍትሕ የሚናገሩትን አዳምጧቸውና አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቡላቸው፤ ነገ መጥሪያ ቢደርሰኝ ትኬቱን የሚቆርጥልኝ ማን ነው?